የጥቁር አዝሙድ ዘይት ባክቴሪያን ይከላከላል? ቤተ ሙከራ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ለመፈተን

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚመረጥበት ሰሞን በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። «የጥቁር አዝሙድ ዘይት መድኃኒትነቱን ልፈትን አስቤያለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ለእያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን አጥብቡ። ስለ ጥቁር አዝሙድ የማይባል ነገር የለም። ለጉንፋን፣ ለአስም፣ ለስኳር፣ ለቆዳ፣ ለፀጉር ይባላል። ይህን ሁሉ በአንድ ሴሚስተር የሚፈትን ሰው የለም። እዚህ የምናየው አንዱን ብቻ ነው፦ ዘይቱ ባክቴሪያ እንዳያድግ ያደርጋል ወይ? ካደረገስ በምን ያህል መጠን?

ፕሌት (ባክቴሪያ የሚያድግበት ባለ ክዳን ሳህን) ላይ ባክቴሪያ ሲጠፋ ማየት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ማን እንዳጠፋው ማወቅ ነው። ዘይቱን ያወጣችሁበት ኬሚካል ሊሆን ይችላል። የቆየ ዘይት አሲድ ሊሆን ይችላል። መፍጫው ላይ የቀረ ሌላ ቅመምም ሊሆን ይችላል። ከታች ካሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ የተቀመጡት እነዚህን ተጠርጣሪዎች አንድ በአንድ ነጻ ለማውጣት ነው። ስለዚህ «ይቺን እንኳ ልዝለላት» የሚል ሐሳብ ሲመጣባችሁ መጀመሪያ የደረጃውን ምክንያት አንብቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ቤት ውስጥ የሚሠራ አይደለም። የምናሳድጋቸው ባክቴሪያዎች ሰው የሚያሳምሙ ናቸው። ባዮሴፍቲ ካቢኔትና አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ዕቃ) ያለው ቤተ ሙከራ፣ ኃላፊነት የሚወስድ ባለሙያም ያስፈልጋችኋል። ወጥ ቤት ውስጥ በጄላቲን ባክቴሪያ አሳድጋለሁ የሚል ካለ ይተወው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለዘሩና ለዘይቱ፦
- ያልተፈጨ ጥቁር አዝሙድ፣ ቢያንስ 1 ኪሎ
- ኑግ፣ ግማሽ ኪሎ (ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ)
- ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደበ የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ
- ያለ ሙቀት የሚጨምቅ ትንሽ የዘይት መጭመቂያ፤ ከሌለ ሄክሴንና ሮታሪ ኢቫፖሬተር
- ክሌቨንጀር የሚባለው፣ በእንፋሎት ተናኝ ዘይት የሚያወጣው የመስታወት ዕቃና ማሞቂያው
- ቡናማ የመስታወት ብልቃጦች
- 0.22 ማይክሮሜትር የፒቲኤፍኢ ማጣሪያና ሲሪንጅ

ለዘይቱ ጥራት፦
- ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ኤታኖል፣ ዳይኤቲል ኤተር፣ ፊኖልፍታሊን
- አሴቲክ አሲድ፣ ክሎሮፎርም፣ ፖታሲየም አዮዳይድ፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ ስታርች
- ቢዩሬትና ሚዛን

ለባክቴሪያው፦
- ስታፊሎኮከስ ኦውረስ ኤቲሲሲ 25923 እና ኢ. ኮላይ ኤቲሲሲ 25922 (ኤቲሲሲ የመደበኛ ባክቴሪያ መለያ ቁጥር ነው)
- ሙለር ሂንተን አጋርና ሙለር ሂንተን ብሮዝ (የባክቴሪያ ምግብ፤ አጋሩ የሚረጋ፣ ብሮዙ ፈሳሽ)
- 90 ሚሊ ሜትር ፕሌቶች፣ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት፣ ባዶ የወረቀት ዲስክ (6 ሚሊ ሜትር)፣ የጄንታማይሲን (ባክቴሪያ የሚገድል የታወቀ መድኃኒት) ዲስክ (10 ማይክሮግራም)
- ትዊን 80 (ዘይትን ከውሃ ጋር የሚያዋህድ)፣ ሪዛዙሪን (ሕይወት መኖሩን የሚያሳይ ቀለም)፣ ፓራፊልም፣ ንጹሕ ስዋብ፣ ማይክሮፒፔት

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ዘር ያዙ

ከመርካቶም ግዙት ከሰፈር ገበያ፣ ከአንድ ሻጭ፣ በአንድ ጊዜ፣ ለሙሉው ሥራ የሚበቃውን ግዙ። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከወር በኋላ ከሌላ ሱቅ ከገዛችሁ ውጤታችሁ የየትኛው ዘር እንደሆነ አታውቁም። የባሌ ይሁን የአርሲ ወይም የጎንደር፣ የዘንድሮ ይሁን የአምና፣ ጠይቁና ጻፉ። የቆየ ዘር መዓዛው እየሳሳ ይሄዳል። ከመዓዛው ጋር የሚሄደው ደግሞ እናንተ የምትፈልጉት ነገር ነው።

የጥቁር አዝሙድ ፍሬ ድፍን ጥቁር፣ ሻካራና ማዕዘናም ነው። ሲሰበር ውስጡ ነጣ ይላል። ዘሩን ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ልክ እንደ ምስር ልቀሙት። በተለይ ፈልጋችሁ የምታወጡት ነጭ አዝሙድን ነው። በርበሬ የሚያዘጋጅ ሰው ሁለቱንም አብሮ ስለሚገዛ፣ ሱቅ ውስጥ በአንድ ጣሳ ይሰፈራሉ። አንዱ ከሌላው ጋር ይደባለቃል። ነጭ አዝሙድ ትንሽ፣ ግራጫ ቡናማ፣ ሸንተረር ያለው ፍሬ ነው። ሲታሽ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል። የሚሸተው ቲሞል ነው። ቲሞል ደግሞ ባክቴሪያ ላይ ብርቱ ነው። እሱ ከገባ ጥቁር አዝሙዱን ሳይሆን ነጩን ነው የፈተናችሁት።

ስሙን በባለሙያ አረጋግጡ። ሳይንሳዊ ስሙ ናይጄላ ሳቲቫ ነው፤ ግን «ናይጄላ ሳቲቫ ነው» ብሎ መጻፍና ማረጋገጥ ይለያያል። ለአዲስ አበባ ተማሪዎች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ኸርባሪየም አለ። ዘር ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም፤ አበባና ፍሬ ያለው፣ ተጭኖ የደረቀ ተክል ይሻላል። ተክሉን ከየት አመጣለሁ ካላችሁ፣ ከገዛችሁት ዘር ላይ ጥቂቱን በመጀመሪያው ሳምንት ሳጥን ውስጥ ዝሩት። እናንተ ሌላውን ስትሠሩ እሱ ያብባል።

ደረጃ 2፦ አድርቁ፣ ፍጩ፤ ግን አታምሱ

ዘሩን ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚገባበት ቦታ አድርቁ። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ቤት ውስጥ ለበርበሬ እንደምናደርገው ምጣድ ላይ ማመስማ ጨርሶ አይታሰብም። በብዛት የሚጠናው የዘይቱ ንጥረ ነገር ቲሞኪኖን ይባላል፤ ተናኝ ነው፣ ሙቀትና ብርሃንም ይጎዳዋል።

ወፍጮ ቤት አትውሰዱ። ያ ድንጋይ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ ሲያልፍበት የኖረ ነው። የራሳችሁን መፍጫ በኤታኖል ጠርጋችሁ አድርቁ። የመጀመሪያውን እፍኝ ፍጩና ጣሉት፤ መፍጫውን ያጸዳላችኋል። ከዚያ 10 ሰከንድ እየፈጫችሁ፣ እያሳረፋችሁ ቀጥሉ። ዱቄቱ እጅ ላይ ሞቅ ካለ አጥብቃችኋል ማለት ነው።

የፈጫችሁትን በዚያው ቀን ተጠቀሙ። ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ላይፔዝ የሚባል ስብ የሚሰብር ኢንዛይም አለ። ፍሬው ሳይሰበር ኢንዛይሙና ዘይቱ አይገናኙም። ሲፈጭ ይገናኛሉ፤ ዘይቱም ወደ ነጻ ቅባት አሲድነት መቀየር ይጀምራል። ይህ ለምን እንደሚያሳስበን ደረጃ 4 ላይ ትረዱታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ዘይቱን አውጡ፤ ዘይት ሁለት ዓይነት ነው

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታል። ከአንድ ዘር ሁለት የተለያዩ ዘይቶች ይወጣሉ።

*ሀ. የተጨመቀው ቅባት ዘይት።* ሱቅ በጠርሙስ የሚሸጠው ይህ ነው። አብዛኛው ተራ የምግብ ዘይት የሚመስል ቅባት ነው፤ ከቅባቱም ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ቲሞኪኖኑ እዚህ ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል። መጭመቂያ ካላችሁ ያለ ሙቀት ጨምቁ፣ አንድ ሌሊት ይጥለል፣ ከላይ ያለውን ቀድታችሁ አጣሩ።

መጭመቂያ ከሌላችሁ ዱቄቱን በሄክሴን ዘፍዝፉ፤ 100 ግራም ዱቄት በ500 ሚሊ ሊትር፣ እየተነቃነቀ 24 ሰዓት። አጣሩና ሄክሴኑን በሮታሪ ኢቫፖሬተር ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት አስወግዱ። ቀጥሎ ቫኪዩም ውስጥ አስቀምጡና በየሰዓቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ሄክሴን አለበት ማለት ነው። «አይሸትም» ማስረጃ አይደለም፤ የሚቀንስ ሚዛን ግን ማስረጃ ነው። ጥንቃቄ፦ ሄክሴን በቀላሉ ይቀጣጠላል። ጭስ መምጠጫው ውስጥ ሥሩ፣ አጠገቡ ምንም ዓይነት እሳት አይኑር።

*ለ. ተናኙ ዘይት።* 100 ግራም አዲስ የተፈጨ ዱቄት ከ1 ሊትር ውሃ ጋር ክሌቨንጀሩ ላይ አድርጋችሁ ለ3 ሰዓት አፍሉ። የምታገኙት ከ1 ሚሊ ሊትር ብዙም የራቀ አይሆንም፤ ሊያንስም ይችላል። አትደንግጡ፤ ተበላሽቶባችሁ አይደለም። ሥራው ስንት ዙር እንደሚፈልግ ግን ከአሁኑ አስሉ። ጥሩ መዓዛ ያለው፣ ቲሞኪኖን በብዛት የሚገኝበት ዘይት ይህ ነው። እርግጥ ማፍላቱ ራሱ የተወሰነውን ይጎዳል። ሁለቱን ዘይቶች ጎን ለጎን የምንፈትነው አንድም ለዚህ ነው።

*ሐ. የኑግ ዘይት።* ይህ ኮንትሮላችሁ፣ ማለትም ማወዳደሪያችሁ ነው። የኑግ ዘይትም በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ ነው፤ በቅባቱ ከጥቁር አዝሙድ ጋር ይቀራረባል፣ ቲሞኪኖን ግን የለውም። በዚያው መጭመቂያ ወይም በዚያው ሄክሴን አውጡት። ኑጉም ባክቴሪያውን ካስቆመ ነገሩ የጥቁር አዝሙዱ ጉዳይ አይደለም፤ የቅባቱ ወይም የአሠራሩ ነው። መጀመሪያ የሚጨመቀው ኑጉ ይሁን፣ ጥቁር አዝሙዱ ይከተል። ከተገላበጠ መጭመቂያው ላይ የቀረ ጥቁር አዝሙድ ኮንትሮላችሁን ያበላሸዋል።

ሦስቱንም በቡናማ ብልቃጥ፣ እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ በ4 ዲግሪ አስቀምጡ። ብልቃጡ ውስጥ የሚቀር አየር ዘይቱን ያበላሻል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ከመክፈትና መዝጋት ትናንሽ ብልቃጦች ይሻላሉ።

ደረጃ 4፦ ዘይቱ ራሱ ደህና መሆኑን እዩ

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። እኔ ብጠየቅ ከሁሉም የማይዘለለው ይህ ነው እላለሁ። ነጻ ቅባት አሲዶች፣ በተለይ ሊኖሌይክ አሲድ፣ ስታፊሎኮከስ ኦውረስን ለብቻቸው ማስቆም ይችላሉ። ስለዚህ የቆየ፣ አሲዱ የበዛ ዘይት «ግሩም» ውጤት ሊሰጥ ይችላል። የምታዩት ግን የመበላሸቱን ኃይል ነው።

*የአሲድ መጠን።* 5 ግራም ዘይት በ50 ሚሊ ሊትር የኤታኖልና የኤተር እኩል ድብልቅ ውስጥ አሟሙ። ድብልቁ ራሱ አስቀድሞ ገለልተኛ መደረግ አለበት። ፊኖልፍታሊን ጠብ አድርጉና በ0.1 ኖርማል ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት አድርጉ (ከቢዩሬት ጠብታ በጠብታ ጨምሩ)፤ ፈካ ያለ ሮዝ ቀለም መጥቶ ለ30 ሰከንድ ሲቆይ አቁሙ። ስሌቱ፦ 56.1 × የፈሰሰው ሚሊ ሊትር × ኖርማሊቲ ÷ የዘይቱ ግራም። ለምሳሌ 3 ሚሊ ሊትር ከፈሰሰ 56.1 × 3 × 0.1 ÷ 5 = 3.4 ገደማ። ዘይቱ ጠቆር ስለሚል ሮዙ አልታይ ካለ ድብልቁን ጨምሩ፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፉ።

*የፐሮክሳይድ መጠን።* 5 ግራም ዘይት በ30 ሚሊ ሊትር የአሴቲክ አሲድና ክሎሮፎርም ድብልቅ (3 ለ 2) አሟሙ። 0.5 ሚሊ ሊትር የጠገበ ፖታሲየም አዮዳይድ ጨምራችሁ ልክ ለ1 ደቂቃ አነቃንቁ። ወዲያው 30 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩና በ0.01 ኖርማል ሶዲየም ታዮሰልፌት ታይትሬት አድርጉ። ቢጫው ሊጠፋ ሲል ስታርች ጨምሩ፤ ሰማያዊው ሲጠፋ አቁሙ። ያለ ዘይት አንድ ባዶ ሥሩና ቀንሱት። ስሌቱ፦ (የናሙናው − የባዶው ሚሊ ሊትር) × ኖርማሊቲ × 1000 ÷ ግራም።

ያለ ሙቀት ለተጨመቀ የምግብ ዘይት የኮዴክስ (የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) ጣሪያ ለአሲድ 4፣ ለፐሮክሳይድ 15 ነው። ከዚህ ካለፋችሁ ዘይቱን ጣሉና ከአዲስ ዱቄት እንደገና አውጡ። የኑጉንም ለኩ። የሁለቱ የአሲድ መጠን በጣም ከተራራቀ ኑጉ ኮንትሮል መሆኑ ቀረ።

ደረጃ 5፦ ባክቴሪያውን አዘጋጁ

ኤቲሲሲ ቁጥር ያላቸውን ባክቴሪያዎች እዚህ አገር ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ከኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ ደብዳቤው ጊዜ ስለሚወስድ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሁለት ዓይነት የምንወስደው ያለ ምክንያት አይደለም። ስታፊሎኮከስ ግራም ፖዘቲቭ ነው። ኢ. ኮላይ ግራም ኔጌቲቭ ስለሆነ ዘይት ነክ ነገሮችን የሚከላከል ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አለው። ጥቁር አዝሙድ በስታፊሎኮከስ ላይ ሲበረታ፣ በኢ. ኮላይ ላይ ሲደክም ማየት የተለመደ ነው።

1. ባክቴሪያውን አጋር ላይ ዘርታችሁ በ35 ዲግሪ አሳድሩ።
2. ከ3 እስከ 5 ኮሎኒ በሉፕ አንስታችሁ በንጹሕ የጨው ውሃ (0.85 በመቶ) በጥብጡ።
3. ድፍርሱን ከ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ጋር አስተካክሉ። መለኪያውን 0.5 ሚሊ ሊትር የ1.175 በመቶ ባሪየም ክሎራይድ ከ99.5 ሚሊ ሊትር የ1 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ጋር በማደባለቅ ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ስፔክትሮፎቶሜትር ላይ በ625 ናኖሜትር ከ0.08 እስከ 0.13 ማንበብ አለበት።
4. ከ15 ደቂቃ በላይ አታቆዩት፤ ባክቴሪያው ይባዛል፣ ቁጥሩም ይለወጣል።

0.5 ማክፋርላንድ በሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ከሳሳ ዘይቱ ጎበዝ ይመስላል፤ ከበዛም ሰነፍ ይመስላል።

ደረጃ 6፦ ፕሌት ላይ ፈትኑ

አጋሩን በዱቄቱ መመሪያ መሠረት (ብዙ ጊዜ 38 ግራም በሊትር) አዘጋጁና በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ አውቶክሌቭ አድርጉ። በየፕሌቱ 25 ሚሊ ሊትር ገደማ አፍስሱ፤ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አጋሩ ከሳሳ በዘይቱ ዙሪያ ባክቴሪያ የማያድግበት ክብ ይሰፋል፣ ከወፈረ ይጠባል።

ዘይቱን በፒቲኤፍኢ ማጣሪያ አሳልፉ። አውቶክሌቭ ውስጥ እንዳታስገቡት፤ ተናኙ ነገር በንኖ ባዶ ቅባት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ስዋቡን ባክቴሪያው ውስጥ ነክራችሁ ትርፉን ግድግዳው ላይ ጭመቁ። ፕሌቱን በሦስት አቅጣጫ እያዞራችሁ ሙሉ በሙሉ ቀቡ። ከዚያ 6 ሚሊ ሜትር ጉድጓዶች ብሱና በየጉድጓዱ 50 ማይክሮሊትር አስገቡ፦ በአንዱ የጥቁር አዝሙድ ቅባት ዘይት፣ በሌላው የኑግ ዘይት፣ በሦስተኛው ዘይት የሌለው ትዊን 80 በውሃ። የጄንታማይሲን ዲስክ በሌላ ጥግ አስቀምጡ። 30 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ይቆይ፤ ከዚያ በ35 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይደር። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ስላለ ይህን ፕሌት አትገልብጡት።

በማግስቱ ጄንታማይሲኑን ቀድማችሁ ለኩ። ለስታፊሎኮከስ ከ19 እስከ 27፣ ለኢ. ኮላይ ከ19 እስከ 26 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚህ ውጭ ከሆነ የዚያን ቀን ውጤት በሙሉ ጣሉት። አጋሩ፣ ባክቴሪያው ወይም ዲስኩ ችግር አለበት።

አሁን የዘይቱን ክብ ለኩ፤ የጉድጓዱ 6 ሚሊ ሜትር ይጨመራል። 6 ማለት ምንም የለም ማለት ነው። ግን ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፣ ቶሎም አትፍረዱ። አጋር በብዛት ውሃ ነው፤ ቅባት ደግሞ በውሃ ውስጥ አይሄድም። ክብ አልታየም ማለት ዘይቱ አይሠራም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ካለበት አልተንቀሳቀሰም ማለትም ሊሆን ይችላል። ይህ ሙከራ ለመነሻ ያህል ነው። ቁም ነገሩ ደረጃ 7 እና 8 ላይ ነው።

ደረጃ 7፦ እንፋሎቱን ፈትኑ

እዚህ አገር ጉንፋን የያዘው ሰው ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሮ፣ አሽቶ ያሸታል እንጂ ዘይቱን ጉድጓድ ውስጥ አያፈስም። ባህላዊ አጠቃቀሙን ልፈትን ካላችሁ መፈተን ያለበት የሚተነው ነው። የሚገርመኝ፣ ይህን ሙከራ ፕሮፖዛል ላይ የሚያካትት ተማሪ እምብዛም አላይም። ሥራው ግን ከሁሉም ቀላል ነው።

1. ፕሌቱን እንደ ደረጃ 6 ባክቴሪያ ቀቡ። ጉድጓድ አያስፈልግም።
2. ባዶ የወረቀት ዲስክ ክዳኑ መሐል ላይ አድርጉ፤ 10 ማይክሮሊትር ተናኝ ዘይት አጠጡት።
3. ፕሌቱን ገልብጣችሁ ክዳኑ ላይ ግጠሙ። አጋሩ ከላይ፣ ዲስኩ ከታች ይሆናል፤ አይነካኩም።
4. ዙሪያውን በፓራፊልም ጠቅልሉ። ካልታሸገ እንፋሎቱ ይወጣና ኢንኩቤተሩ ብቻ መዓዛው ያምራል።
5. በሌላ ፕሌት 10 ማይክሮሊትር የተጨመቀውን ዘይት፣ በሌላ ኑግ፣ በሌላ ባዶ ዲስክ አድርጉ።

ኮንትሮሎቹን ከተናኙ ዘይት ጋር አንድ ኢንኩቤተር ውስጥ አትደርድሩ። ሌላ ኢንኩቤተር ከሌለ በሚዘጋ ዕቃ ለዩዋቸው። ባዶው ዲስክ ያለበት ፕሌት ላይ ክብ ካያችሁ እንፋሎቱ ከጎረቤት መጥቷል።

ደረጃ 8፦ ትንሹን የሚያስቆም መጠን ፈልጉ

የክቡ ስፋት ቁጥር ይመስላል እንጂ መጠን አይነግራችሁም። መጠን የሚነግራችሁ ይህ ነው።

ዘይት ከብሮዝ ጋር አይዋሃድም። ዲኤምኤስኦም ለቅባት ዘይት ጥሩ አሟሚ አይደለም፤ ብዙ ሰው «በዲኤምኤስኦ አሟማን» ብሎ የሚጽፈው ከላይ የተንሳፈፈ ዘይት ይዞ ነው። 0.5 በመቶ ትዊን 80 ያለበት ብሮዝ አዘጋጁ። በእሱ ውስጥ 8 በመቶ ዘይት ጨምራችሁ ወተት እስኪመስል ቮርቴክስ አድርጉ። ከመቅዳታችሁ በፊት ሁልጊዜ እንደገና ነቅንቁት።

1. በባለ 96 ጉድጓዱ ፕሌት ከ2 እስከ 8 ባሉት ጉድጓዶች 100 ማይክሮሊትር የትዊን ብሮዝ አድርጉ።
2. ጉድጓድ 1 ላይ 200 ማይክሮሊትር ባለ 8 በመቶውን አስገቡ። ከእሱ 100 ወደ 2፣ ከ2 ደግሞ 100 ወደ 3 እያላችሁ እስከ 8 ሂዱ። ከ8 የተረፈውን 100 ጣሉ።
3. የ0.5 ማክፋርላንዱን ባክቴሪያ በብሮዝ 150 ጊዜ አቅጥኑና በየጉድጓዱ 100 ማይክሮሊትር ጨምሩ። አሁን ዘይቱ በግማሽ ቀንሷል፦ 4፣ 2፣ 1፣ 0.5፣ 0.25፣ 0.125፣ 0.06፣ 0.03 በመቶ። ባክቴሪያው በሚሊ ሊትር 500 ሺህ ገደማ ነው።
4. ኮንትሮሎቹን በሌላ ፕሌት ላይ ሥሩ፦ ትዊንና ባክቴሪያ፣ ኑግና ባክቴሪያ፣ ዘይት ያለ ባክቴሪያ፣ ብሮዝ ብቻ። ተናኝ ዘይት ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ በአየር ይሻገራልና ፕሌቱን በሚጣበቅ ፊልም አሽጉ።
5. በ35 ዲግሪ ከ16 እስከ 20 ሰዓት አሳድሩ።

ዘይቱ ራሱ ስለሚያደፈርስ በዓይን ማንበብ አይቻልም። በየጉድጓዱ 30 ማይክሮሊትር የ0.015 በመቶ ሪዛዙሪን ጨምሩና ከ1 እስከ 2 ሰዓት ጠብቁ። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ዕድገት የለም። ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው በሕይወት አለ። ሰማያዊ ሆኖ የቀረው የመጨረሻው ትንሽ መጠን መልሳችሁ ነው። «ዘይት ያለ ባክቴሪያ» የሚለው ጉድጓድ ሮዝ ከሆነ ግን ቀለሙን የቀየረው ዘይቱ ነው፤ ያኔ ሪዛዙሪኑን ተዉና ከየጉድጓዱ አጋር ላይ ዘርታችሁ ቁጠሩ።

ባክቴሪያው ሞቷል ወይስ ቆሞ ነው? ቀለሙ ይህን አይነግራችሁም። በተመሳሳይ መንገድ ከተሠራ፣ ሪዛዙሪን ካልገባበት ረድፍ፣ ዕድገት ከሌለባቸው ጉድጓዶች 10 ማይክሮሊትር ወስዳችሁ ዘይት የሌለው አጋር ላይ ዘርጉ። መጀመሪያ በ10 ማይክሮሊትር ውስጥ 5 ሺህ ባክቴሪያ ነበር። በማግስቱ 5 ወይም ከዚያ ያነሰ ኮሎኒ ካያችሁ 99.9 በመቶው ሞቷል ማለት ነው። ከዚያ ከበዛ ዘይቱ አስቁሟል እንጂ አልገደለም።

ሙከራውን በሙሉ በተለያየ ቀን፣ በአዲስ ባክቴሪያ ሦስት ጊዜ ድገሙ። በአንድ ቀን የተሠሩ ሦስት ጉድጓዶች ሦስት ሙከራ አይባሉም።

ውጤት ሲጻፍ የሚሠሩ ስሕተቶች

*«ከጄንታማይሲን ጋር እኩል ነው።»* ዲስኩ ላይ ያለው ጄንታማይሲን 10 ማይክሮግራም ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው 50 ማይክሮሊትር ዘይት ደግሞ ወደ 46,000 ማይክሮግራም ይመዝናል። ክባቸው እኩል ቢሆን እንኳ ዘይቱ 4,600 ጊዜ ገደማ በልጦ ተሰጥቶታል። ጄንታማይሲኑ እዚያ ያለው ሥራችሁ ትክክል መሆኑን ለማሳየት ነው፤ ለውድድር አይደለም።

*«የጥቁር አዝሙድ ዘይት» ብሎ ማለፍ።* ተጨመቀ? በሄክሴን ወጣ? ወይስ ተነነ? ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ይጻፍ። የቲሞኪኖኑን መጠን ንጥረ ነገሮችን ለይቶ በሚለካው ኤችፒኤልሲ (ብዙ ጊዜ በ254 ናኖሜትር) ማስለካት ከቻላችሁ አስለኩ፤ ያኔ ሌላ ሰው የእናንተን ዘይት ከራሱ ጋር ማወዳደር ይችላል።

*ኑጉን መደበቅ።* ኑጉ ጥቂት ክብ ከሰጠ ሠንጠረዡ ላይ አስገቡት። ፈታኙ የሚጠይቀው ስለ እሱ ነው።

*«ይፈውሳል» ብሎ መደምደም።* ያስቆመው መጠን 1 በመቶ ቢሆን በሊትር 10 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ይህን ያህል በማንኪያ ጠጥቶ ደም ውስጥ ማግኘት አይታሰብም። ቆዳ ላይ ስለሚቀባ ነገር ማውራት የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን ቆዳ እንደማያቃጥል ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ውጤታችሁን ሰምቶ «ስንት ማንኪያ ልጠጣ?» ለሚላችሁ ዘመድ፣ ይህ ሙከራ እሱን አይመልስም በሉት።

ከሥራው በኋላ

ባክቴሪያ የነካውን ሁሉ፣ ስዋቡንና የፒፔት ጫፉን ጨምሮ፣ በ121 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አውቶክሌቭ ሳታደርጉ አትጣሉ። ሄክሴንና ክሎሮፎርም ቧንቧ ውስጥ አይፈስም፤ ለየብቻ በተጻፈበት ጠርሙስ ይጠራቀም፤ ከአውቶክሌቭም ይራቅ። ከዘሩ 50 ግራም፣ ከእያንዳንዱ የተጨመቀ ዘይት አንድ ያልተከፈተ ብልቃጥ፣ ቀንና ቁጥር ተጽፎባቸው ጽሑፋችሁን ተከላክላችሁ እስክትጨርሱ ፍሪጅ ውስጥ ይቆዩ። ፈታኙ «ይህን አንድ ጊዜ ድገሙልኝ» ካለ የምትደግሙት በዚያው ዘይት ነው።